ከኋላ ረድፍ የተነሱ እጆች

ጅዳ በልግ የላትም። ሙቀት አላት፣ ከዚያ የባሰ ሙቀት አላት፤ በሁለቱ መካከል ያሉትን ጥቂት ሳምንታት ነው ዩኒቨርሲቲው «የበልግ ዝግጅት» የሚላቸው። እኔ የወሎ ቃሉ ልጅ ነኝ፣ በልግ ማለት ዝናብ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ግን በልግ ማለት ወረቀት ነው። ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ተቆጣጣሪያችን ሳሚያ አንድ እቅፍ ትልልቅ ማስታወቂያ ታሸክመኝና «ያላ ራቢያ፣ ለጥፊ» ትለኛለች፤ እለጥፋለሁ። ዝግጅቱ ሲያልቅ አንሺ ትለኛለች፤ አነሳለሁ። የሴቶቹን ግቢ አሥራ አምስት ዓመት ጠርጌያለሁ። ስለ ባሕር ዓሣ፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ድሮ ሳንቲም ስንት ንግግር እንደተደረገ ከኔ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ አንዱንም ግን ቁጭ ብዬ ሰምቼ አላውቅም።

ያነሳሁትን ወረቀት አልጥለውም። ወፍራም ነው፣ ጀርባው ንጹሕ ነው። ጠቅልዬ በኒ ማሊክ ሰፈር ወዳለችው ቤታችን እወስደው ነበር። ልጄ ሂክማ የአማርኛ ፊደል የቆጠረችው በዚያ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። እዚሁ ተወልዳ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአረብኛ ስትጣላና ስትታረቅ አይቼ፣ ከኔ ጋር የምታወራበት ቋንቋ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። ስድስተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩትን ሁሉ አውጥቼ ሰጠኋት። ሀ ሁን ስትጽፍ ምላሷን በጥርሷ ትይዝ ነበር።

ይህችው ሂክማ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ እኔ ወደምጠርገው ግቢ ስትገባ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግቢ ውስጥ አንተዋወቅም አልኳት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ሁለት ቀን አኮረፈች። አልተመለስኩም። ክፉ ሴት ሆኜ አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ቡናዋን ደፍታ፣ እኔ እግሯ ሥር ጎንበስ ብዬ ስጠርግ፣ እግሯን እንኳ ሳታነሳ በስልክ ትስቅ ነበር። በእኔስ ይሁን፤ ልጄ ከዚያች ልጅ አጠገብ ተቀምጣ «የጠራጊዋ ልጅ» ስትባል ታየኝ። እሱን መሸከም አልችልም ነበር።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሕጌን ጠበቀች። ተንኮለኛ ስለሆነች ግን በየቀኑ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ስልኳን በእጇ እንደያዘች፣ «ያ ኻላ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ትለኛለች። ኻላ ማለት አክስት ነው፤ ተማሪዎቹ ሁላችንንም የሚጠሩን እንደዚያ ነው። ሰዓቱን እነግራታለሁ፣ ታልፋለች። እንዲህ ሰላም ተባብለን እንውላለን።

ዘንድሮም ሳሚያ ወረቀቱን አሸከመችኝ። በልጅነቴ ቁርኣን ስለቀራሁ የአረብኛ ፊደል እለያለሁ። የቁርኣን ፊደል ግን ከላይም ከታችም ምልክት አለው፣ እጅሽን ይዞ ይመራሻል፤ የማስታወቂያ ፊደል ያ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ጀምሬ እተወዋለሁ። አንዱን ወረቀት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አስጠግቼ ፕላስተሩን በጥርሴ ስቆርጥ፣ ከታች በኩል ሁለት ስም አየሁ። ሂክማ ሙሐመዲን። እነዚህን ሁለቱን በጨለማም አውቃቸዋለሁ፤ አንዷን ወልጃለሁ፣ አንዱን አግብቻለሁ። ማክሰኞ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት፣ ትልቁ አዳራሽ። ልጄ ሕዝብ ፊት ቆማ ልትናገር ነው፣ ለኔ ትንፍሽ አላለችም!

ማታ ስትመጣ አልጠየቅኋትም። ኩራቴ ያዘኝ። ዓርብ ግን አውቶቡስ ይዤ መካ ወረድኩ። ባሌ ሙሐመዲን እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ወይ እሱ ይመጣል ወይ እኔ እሄዳለሁ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሆቴሉ ጓሮ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ሳምቡሳውን ገና ሳይጎርስ አፈጠጥኩበት።

«ሂክማ ንግግር ልታደርግ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ለኔስ ለምን አልነገረችኝም?»

«ሕግ አለ አለቻ! እኔ ነኝ ያወጣሁት?» ሳምቡሳውን አስቀመጠው። «ብነግራት አትናገሪ ትለኛለች፣ ባልነግራትም ወረቀቱን ራሷ ነች የምትለጥፈው አለችኝ። ወላሂ ልጅቷ ጨንቋታል፣ ራቢያ። አዳራሹ እንድትገቢላት ትፈልጋለች፤ ግቢልኝ ማለት ግን ፈራችሽ።»

ልጄ እንደምትፈራኝ አላውቅም ነበር። ያም ሆኖ እልኬን አልተውኩም። «አልገባም» አልኩት። «የሚያውቁኝ መጥረጊያ ይዤ ነው።»

«እኔ ወንድ ነኝ፣ በዚያ ግቢ በር አላልፍም። አንቺ ግን ትችያለሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ አበቃለሁ ብላኛለች። እኔ ለዙህር ሶላት ቀደም ብዬ ሐረም መስጊድ እገባና በዚያች ሰዓት ካዕባ ፊት እጄን አነሳለሁ። አንቺም እዚያ አንሺ። አንድ ላይ ዱዓ እናድርግላት፣ ይኼው ነው።»

እንቢ እንዳልል አድርጎ ነው የያዘኝ። ሀያ ሦስት ዓመት አብሬው ስኖር ድምፁን ከፍ አድርጎ ያሸነፈኝ ጊዜ የለም።

ማክሰኞ ሳሚያን ፈቃድ ጠየቅኋት። «አንድ ሰዓት ብቻ፣ ኻላስ፣ በቃ! ሁለተኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤቱ ይጠብቅሻል» አለችኝ። ዕቃ ቤት ገብቼ በፌስታል የያዝኩትን ለዒድ የገዛሁትን ዓባያ ለበስኩ፣ ሻርፔን አስተካከልኩ። አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻው ረድፍ ጥግ፣ መተላለፊያው ዳር ከተቀመጥኩ በኋላ ነው እግሬን ያየሁት። ሰማያዊውን የሥራ ፕላስቲክ ጫማ አላወለቅኩም። ከወንበሩ ሥር ደበቅኩት።

ሂክማ ወጣች። ከሩቅ ቀጭን ሆና ታየችኝ፤ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ መውጣቷ ትዝ አለኝና ተናደድኩ። ንግግሯ ሁለት ቋንቋ ባለበት ቤት ስለሚያድጉ ልጆች ነበር። አረብኛዋ ፈጣን ነው፣ ግማሹ አለፈኝ። መሐል ላይ ግን ዝግ አለች። «አንዲት የማውቃት ሴት አለች» አለች። «ከሥራ ቦታዋ አሮጌ ማስታወቂያ ጠቅልላ ትወስዳለች። በፊቱ ላይ የትልልቅ ሰዎች ስም አለ። በጀርባው ላይ ለልጇ የራሷን ፊደል ትጽፍላታለች። ያቺ ልጅ ሁለቱንም ገጽ አንብባ አደገች።»

የማውቃት ሴት! ሁለት ቀን አምጬ ወልጄሽ፣ የማውቃት ሴት! ልቤ እንዲህ እያለ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሷ ምን ታድርግ፣ ሕጌን መጠበቋ ነው። ያን ሕግ ያን ጊዜ ጠላሁት።

ተጨበጨበ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ሙሐመዲን አሁን ቆሟል አልኩ። መድረኩ ላይ ያለችው አስተባባሪ ምን እንደምትል አልሰማሁም። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ ከፍ አደረግኩ፣ የልጄን ስም እየጠራሁ በሹክሹክታ ዱዓ ያዝኩ። እኛ ጋ ዱዓ እንዲህ ነው፣ እጅ ሲነሳ ከልብ ነው።

ዓይኔን እንደጨፈንኩ መዳፌ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ተቀመጠ። ስገልጥ ማይክራፎን ነው! አንዲት ተማሪ አጠገቤ ቆማ ፈገግ ትላለች፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያየኛል። አስተባባሪዋ ጥያቄ ያለው እጁን ያንሳ ብላ ኖሯል። አንድ እጅ ያነሱት ብዙ ናቸው፤ ሁለት እጅ ያነሳሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ በጣም የቸኮለች ጠያቂ መስያቸዋለሁ።

«ተፈደሊ፣ እህቴ» አለች አስተባባሪዋ። «በመጀመሪያ ስምሽንና ከየትኛው ክፍል እንደሆንሽ።»

ሂክማን አየኋት። እሷም አየችኝ። መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ከወንበሩ ሥር ያለውን ሰማያዊ ጫማዬን። ማይኩን አጥብቃ ያዘች። በአረብኛ «ተፈደሊ፣ ያ ኻላ» አለችኝ። ቀጥይ፣ አክስቴ።

በሕዝብ ፊት፣ በዚያ በትልቁ ቀኗ፣ ልጄ ለኔ ብላ ዋሸች። እኔ ባወጣሁት ሕግ። አመስግኜ ማይኩን ብመልስ ማንም አያውቅም ነበር። ተነሳሁ።

«ስሜ ኡም ሂክማ ነው» አልኩ። የሂክማ እናት። እዚህ አገር ሴት በልጇ ትጠራለች፤ እኔ ግን እዚያ ግቢ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በዚህ ስም ተጠርቼ አላውቅም። «ክፍሌ ጽዳት ነው።»

ቡና የምትደፋ ልጅ ትኑር አትኑር አላየሁም፣ የማየው አንድ ፊት ብቻ ነው። «ጥያቄ የለኝም፣ ዱዓ ላይ ነበርኩ» አልኩ በተሰባበረው አረብኛዬ። አረብኛዬ እዚያ አለቀ። የቀረውን በራሴ ቋንቋ ጨረስኩት።

«አላህ ዕውቀትሽን የሚጠቅም ያድርገው። ተናግረሽ የምትደመጪ ያድርግሽ። የረገጥሽው ሁሉ ቤትሽ ይሁን። ከኔና ከአባትሽ ዕድሜ ለአንቺ ይጨምርልሽ።»

ሂክማ መተርጎም ጀመረች። የመጀመሪያውን አለች፣ ሁለተኛውን አለች፤ የረገጥሽው ሁሉ ቤትሽ ይሁን የሚለው ላይ ስትደርስ መተርጎሙን ተወችው። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ ልክ ልጅ ሳለች እንዳሳየኋት። «አሚን፣ እማዬ» አለች። አሚን ለማንም መተርጎም አላስፈለገውም፤ አዳራሹ ተቀበላት።

ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ መታጠቢያ ቤቱን አጠብኩ። ለዒድ በገዛሁት ዓባያ።

ሙሐመዲን ደወለ። «እጅሽን አነሳሽ?»

«አነሳሁ። ማይክ ሰጡኝ።»

«አላህ! ምን አልሽ?»

«ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።»

አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማኝ። «እኔም እዚህ አሚን ብያለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀቱን ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ እያነሳሁ ሳለሁ ሂክማ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መጣች። ስልኳን በእጇ ይዛለች። ዞር አልኩ፣ እንደ ልማዴ መንገድ ልለቅላቸው። እሷ ግን ቆመች፤ ጓደኞቿም ቆሙ።

«እማዬ» አለችኝ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እየሰማ፣ «ስንት ሰዓት ነው?»

ሰዓቱን ነገርኳት።