የሙሜ ድምፅ በመቶ አስር ቮልት

ዳምጠው በሳውዲዋ ደማም ኢንዱስትሪ ከተማ የአንድ ፋብሪካ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። በራሱ አፍ ግን በባሕረ ሰላጤው ያለ ማሽን ሁሉ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚለው እሱ ነው። እናም ጎረቤቱ ሃፊዛ የሟች ባሏን የሙሜን ኮምፒዩተር ከአልጋ ሥር ስትጎትት፣ «እህቴ፣ እኔ አመድ የሆነ አስነሥቻለሁ፤ ይሄማ ተኝቶ ነው!» አላት።

የተሸፈነበትን አንሶላ ገለጠችው። እንደ አጫሽ ጥርስ የወየበ ሣጥን፣ እንደ እርጉዝ የገፋ ስክሪን፣ ፍሎፒ የሚውጥ ቀጭን አፍ! አንድ ፎቶ እስኪከፈት ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠብቅበት ዘመን ሽው አለበት።

«የሙሜ ድምፅ እዚህ ውስጥ ብቻ ነው» አለች ሃፊዛ። «ሌላ የለኝም።»

ዳምጠው ማሽኑን አዞረው። ጀርባው ላይ «115 ቮልት ብቻ» ይላል፤ ከዚያ ከበለጠ ይቃጠላል። የሚኖሩበት አሮጌው የሰሜን ኹበር ሕንፃ ደግሞ የመቶ አስርም የሁለት መቶ ሃያም መስመር አለው፤ አከራዩ ሲያድሰው ሶኬቱን ሁሉ አንድ መልክ አድርጎታል። ሁለት ሶኬቶች ጎን ለጎን እንደ መንታ እባብ አፈጠጡበት።

«ሙሽኪላ፣ ችግር አለ እንዴ?» አለች ሃፊዛ።

«ማፊ! ምንም የለም!»

«እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል ታዲያ?»

«ኤሲው ነው!» ላቡ ግን የኹበርን ባሕር አንድ ክንድ ከፍ ያደርግ ነበር።

የሃፊዛን ቬንትሌተር አነሣ፤ በሁለት መቶ ሃያ የሚሠራ ነው። አንደኛው ሶኬት ላይ ሲሰካው መጋረጃውን ገነጠለው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ላይ እንደ ታመመ አሞራ ተንቀራፈፈ።

«ደካማው ነው የኛ» አለና ኮምፒዩተሩን እዚያ ሰካ። ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉን ተጫነ። ጭስ የለም። ዲስኩ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ እየጮኸ ስክሪኑ በራ። ሃፊዛ ፋይሉን አሳየችው፤ ሲከፍተው ሙሜ ያኔ ትንሽ የነበረችውን ልጁን ሲያናግር ተሰማ።

«ሩሚሳእ፣ ማይኩን አትላሺው! በይ፣ ለእማማ ሰላም በያት።»

ሃፊዛ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ። «እንደገና!»

ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ያ አፈኛ ዳምጠው ድምፁ አነሰ።

«ሃፊዛ፣ ፈራሁ። ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ቢበዛ አንዴ ይጫወት ይሆናል። በስልኬ ልቅዳው፤ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

ዳምጠው ጩኸቱ እንዳይቀዳ ኤሲውን አጠፋ። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ። ሃፊዛ ሻርፗን ነከሰች። ዳምጠው ስልኩን ስፒከሩ አፍ ላይ ደቅኖ ተጫነ። ዲስኩ ቀጭ አለ፤ ዝም አለ። ከዚያ ሙሜ መጣ፤ እስከ «ሰላም በያት» ድረስ። ወዲያው ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ሣጥኑም ድምፁን አጠፋ።

ስልኩን ሲከፍቱት ሙሜ ጥርት ብሎ አለ። ከሥሩ ግን አንድ ነገር እንደ ሯጭ ውሻ ያለከልካል።

«ማነው እሱ?» አለች ሃፊዛ።

«ዲስኩ ነው!» አለ ዳምጠው ቆጣ ብሎ።

ሃፊዛ ቅጂውን ሪያድ ላለችው ልጇ ለሩሚሳእ ላከችላት። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የሚናገረው አባትሽ ነው። የሚያለከልከው ጋሽ ዳምጠው ነው።»