ጥፊ የለመደው ሬዲዮ

ሀቢባን ከልጅነቷ ጀምሮ ሲከነክናት የኖረ ነገር አለ። ደሴ ሳሉ የአባታቸው ባለአምፖል ሬዲዮ ድንገት ዝም ያለ ዕለት፣ የድምፁን ቁልፍ ብታዞር ብታዞር እንቢ አላት። ታላቅ ወንድሟ ዐብዱ «ሀቢባ ነካክታ አቃጠለችው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስሟ ይኸው ሆነ። ሰርግ ላይ ይነሳል፣ ለቅሶ ላይ ይነሳል። የዐብዱ ሚስት ፋኢዛ እንኳ ገና ሳታያት የምታውቃት «ሬዲዮ ያቃጠለችው» ተብላ ነው።

አሁን ዐብዱ ያንኑ ሬዲዮ ከደሴ እሱ ወደሚኖርበት ቪንተርቱር ድረስ አስመጥቶ፣ ነገ ለዒድ እንግዶች ሊከፍተው መሆኑን በስልክ ነገራት።

«እንዳትሰካው!» አለችው። «ይህን ያህል ዘመን የተኛ ዕቃ ዝም ብሎ አይሰካም።»

«አንቺ ደግሞ! ማቃጠልሽ አንሶ ጠባቂው ሆንሽ?»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበትና ከምትኖርበት ከሻትሌን ወጥታ ባቡር ያዘች። እዚያው አጠገቧ ፓኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈርተኛው አሮጌ ዕቃ የሚጠግንበት ቤት አለ። መጀመሪያ የሄደችው ካውያዋ ተበላሽቶባት ነበር፤ የከረመችው ግን የሬዲዮ ጥገና ለመማር ነው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም። ዙሪክን አልፋ እስክትወርድ ድረስ መሣሪያዋን የያዘውን ቦርሳ ከጭኗ ላይ አላወረደችም።

ስትደርስ ዐብዱ የሬዲዮኑን ጀርባ ፈቶ ሰክቶታል። ሬዲዮኑ እምምም ይላል፤ የተቃጠለ ሰም ይሸታል።

«ንቀለው!»

«ቆይ፣ የአባባን ዘዴ ልሞክር» አለና ልክ እንደ አባታቸው በመዳፉ አናቱን አላጋው። ጧ! ጭስ ወጣ። ፋኢዛ «ኧረ በአላህ!» ብላ ሶኬቱን ነቀለች።

ዐብዱ ግን ጎንበስ ብሎ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። «አንዱ አምፖል ላልቶ ነው።»

«እጅህን አውጣ!»

«ተነቅሏል እኮ፣ አታይም?»

«ውስጡ ኮንደንሰር አለ። ቢነቀልም ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል፣ ይገድልሃል!»

«የሞተ ሬዲዮ ሊገድለኝ?» ሳቀ። ጣቶቹ ብረቱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ሀቢባ ሸሚዙን ከኋላ ጨምድዳ ጎተተችው፤ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

«አበድሽ እንዴ?»

ሀቢባ ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ ሁለት እጅ የገባ እንደሆነ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው። በቀኟ ጎማ የለበሰውን ማፍሰሻ ሽቦ ኮንደንሰሩ ላይ አስደግፋ ያዘች። ከቦርሳዋ አውጥታ ያያያዘችው ቴስተር ላይ ከሁለት መቶ ቮልት በላይ የነበረው ቁጥር ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ገባ።

ዐብዱ ቁጥሩን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ይኼ ሁሉ ነበረበት?»

«ነበረበት።» ሰሙ የፈሰሰበትን ኮንደንሰር በካቻቢቴ ጫፍ አሳየችው። «ይኼ በዕድሜ ነው የሚሞተው። ልጅ ቁልፍ ስላዞረ አይደለም። በል፣ ፋኢዛ ፊት ተናገር፤ እኔ አላቃጠልኩትም።»

«ለነገ ከሠራሽው እላለሁ።»

«መጀመሪያ በል።»

«ልጆች ነበርን እኮ፣ ሀቢባ…» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሀቢባ መቁረጫዋን አወጣች። ጎማው የተሰነጣጠቀውን ገመድ ከሥሩ ቆረጠችና ከነሶኬቱ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ልትናገር የፈለግህ ቀን ሬዲዮኑን ተሸክመህ ሻትሌን ና» አለችው። ፋኢዛን ሳመችና ወደ ባቡሯ ሄደች።