የተነሳው ሰው

ሥራዬ የሰውን ትኩረት መፈተን ነው። ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ተሳታፊውን አነጋግርና እስክሪብቶ የወደቀብኝ መስዬ ዝቅ እላለሁ። እዚያ የተደበቀው ባልደረባዬ በእኔ ፋንታ ብድግ ብሎ ወሬውን ይቀጥላል። ሁለታችንም ነጭ ጋዋን እንለብሳለን። አብዛኛው ሰው መቀየራችንን ልብ አይልም፤ እኔም ከስር ሆኜ በሳቅ ፍርስ እላለሁ።

ዛሬ ተሳታፊ ስለጎደለን ባለቤቴን ጠራኋት። ስለ ሙከራው ምንም አልነገርኳትም። መጠይቁን ሰጠኋትና ዝቅ አልኩ። ባልደረባዬ ተነስቶ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ሳቄን ለማፈን ስታገል አልሰማሁትም። እሷ አቀርቅራ መጻፏን ቀጠለች። ስትጨርስ፣ «የተለወጠ ነገር አስተውለሻል?» አላት።

«ምንም» አለችው።

ክው አልኩ! ከተደበቅኩበት ዘልዬ ወጣሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ? የገዛ ባልሽ በሌላ ሰው ሲቀየር አታውቂም?»

«አውቄያለሁ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ታዲያ ለምን ምንም አልሽ?»

«በምን እንዳወቅኩ መናገሩ አሳፍሮኝ ነዋ። ቀና ብዬ ፊቱን እንኳ አላየሁም። የተነሳው ሰው ‹እጅሽን ምን ነካው?› ሲለኝ፣ አንተ እንዳልሆንክ ገባኝ።»

ያኔ ገና እጇን አየሁ። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። መጠይቁን የሞላችው በግራዋ ነው።

«መቼ ነው?» አልኳት።

«ሰኞ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው።