ከፔዳሉ ሥር ሁለት ጣት

«ምንጣፌን አምጣልኝ» አሉ ወይዘሮ ፍሬሰንበት፣ የሚክዳድን እጅ እንደያዙ። «ልጄ መኪናው ውስጥ እግሩን ያሳረፈባትን። እሷ ላይ ነው የምቀመጠው።»

«እሺ እትዬ» አለ ሚክዳድ።

ወንዶሰን የተቀበረው ትናንት ነው። ለእሳቸው አንድ ልጃቸው፣ ለሚክዳድ የጋራዥ ሸሪኩ ነበር። ነገሌ ከተማ ውስጥ የአንዱን ስም ጠርቶ የሌላውን የሚተው ሰው አልነበረም። በበዓል ቀን እያንዳንዳቸው የየቤታቸውን ሥጋ ይበሉና ለሻይ ይገናኛሉ፤ ሻዩን የሚያፈሉት ሁልጊዜ እትዬ ፍሬሰንበት ነበሩ። አሁን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ያስቀመጡት ደግሞ ከዘመድ ሁሉ መርጠው ሚክዳድን ነው። ይህ ያልጣማቸው ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚህ አንዱ የሟች አጎት አምሀ ናቸው። ድንኳኑ በር ላይ ካርታ ከሚጫወቱት መሀል ነበሩ። ሚክዳድ ሊወጣ ሲያልፍ ካርታው ቆመ።

«ነዳጁን በሽቦ አደረገው አሉ» አሉ አምሀ፣ እንዲሰማላቸው። «ሽቦ ሰው ነው እንዴ የሚታመነው?»

ከተማው የሚያወራው ይህንኑ ነበር፤ የወንዶሰን ቀይ መኪና መታጠፊያው ላይ ሞተሯ እየጮኸ፣ ፍሬኗ እየጨሰ፣ ነጂው እየታገላት ገደል ገባች። የነዳጅ መስጫውን ፔዳል የገጠመውና ሽቦውን የቀጠለው ሚክዳድ ነው። እሱም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ራሱን መጠርጠር ይዟል። እያንዳንዷን ሽቦ በሐሳቡ ፈትቶ ይቀጥላል፣ ደግሞ ይፈታል።

ጋራዡ ግቢ ውስጥ መኪናዋ በሸራ ተሸፍናለች። ከዶሎ ኦዶ ነበር ያመጧት፤ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ሞተሯ ሲቃጠልበት ጥሏት ሄዶ ነው። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች። «እዚህ ኮረኮንች ላይ የት ልትነዳት ነው?» ሲሉት ወንዶሰን «መንገዱ አይቷት ያፍራል፣ ይስተካከላል» ይል ነበር። ከአንዲት የተገለበጠች የቤት መኪና ሞተር አገኙላት። ችግሩ አዲሱ ሞተር የነዳጅ ገመድ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትእዛዝ የሚቀበለው በኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ፔዳሉም አብሮ መቀየር ነበረበት።

ያን ጊዜ ሚክዳድ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ የብረት ማሰሪያ በየደለት። ወንዶሰን ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዛል።

«ዝቅ አድርገው፣ እግሬ ረጅም ነው።»

«ዝቅ አለልህ። አሁን እግርህ ይጠይቃል፣ ኮምፒዩተሩ ይመልሳል።»

«ካኮረፈስ?»

«ከፔዳሉ የሚወጣው መልእክት ሁለት ነው። አንዱ ቢዋሽ ሌላው ይመሰክርበታል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይደክማል እንጂ አይጋልብም።» ከዚያ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው በእጁ ተጫነና ከሥሩ ሁለት ጣቱን አስገብቶ አሳየው። «ይቺን ክፍተት አትንካብኝ። ወለሉ ላይ ምንም እንዳታነጥፍ።»

አሁን ሚክዳድ ሸራውን ገፈፈ። ምንጣፉ ኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበር። ከፈተው፤ ክሪክና የውኃ ጀሪካን ብቻ ነው ያለው። የፊቱ በር ተጣሟል፣ በብረት ፈልቅቆ ጎንበስ አለ።

ፔዳሉ እስከ ታች እንደተረገጠ ነበር። የሚረግጠው እግር የለም። እጥፉ ምንጣፍ ተንሸራትቶ ጠርዙን በፔዳሉ ላይ አውጥቷል፣ ወደ ታች ነክሶ ይዞታል።

ምንጣፉን ጎተተው። ፔዳሉ ተስፈንጥሮ መዳፉን መታው። ሚክዳድ ደነገጠ፣ ወንበሩ ላይ ሰው ያለ መስሎት ቀና ብሎ አየ። ደግሞ ተጫነው፣ ተመለሰ። ደግሞ ተጫነው፣ ተመለሰ። ሽቦው ደህና ነበር። «አልሐምዱሊላህ» አለና መሬት ላይ ተቀምጦ በደስታ አለቀሰ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ያ ቀን ትዝ አለው። መኪናዋ ተጠናቃ ልትወጣ ስትል እትዬ ፍሬሰንበት ወፍራሙን ምንጣፍ በጀርባቸው አዝለው መጡ። «ይሄ ቀይ አቧራ ልጄን አይፈጀውም» አሉ። ሲረዝምባቸው አጥፈው ደረቡት፣ በገዛ እጃቸው አነጠፉት፣ ጥጉን በመዳፋቸው ጠቅጥቀው መረቁ። ሚክዳድ ወንዶሰንን አየው። ወንዶሰን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ጥግ እንደዞርኩ አነሣዋለሁ ማለቱ ነበር። እናት መርቃ ያነጠፈችውን ፊቷ ላይ ማን ያነሣል? ከኋላዋም ቢሆን ወንዶሰን ሳያነሣው ቀረ።

ምንጣፉን በብብቱ ይዞ ድንኳኑ ቢገባ ይበቃ ነበር። አምሀ አፋቸውን ይይዛሉ፣ ጋራዡም ይከፈታል። እትዬ ፍሬሰንበትስ? «የት ነበር?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እውነቱን ከሰሙ ደግሞ በቀሪ ዕድሜያቸው ያን ምንጣፍ እያነጠፉና እያጠፉ ይኖራሉ። ጠቀለለው፣ የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ከተተው፣ እስኪሰምጥ በእንጨት ተጫነው።

ሲመለስ ኦቦ ጣዲቻ ከፍራሹ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱም ቤተሰብ ቃላቸውን የሚሰማላቸው ጎረቤት ናቸው።

«ጀባዳ፣ በርታ» ብለው ሰላምታውን አሳጠሩና በእጃቸው ቦታውን አመለከቱት። ሚክዳድ እትዬ ፍሬሰንበት ጎን ተቀመጠ። እጁን ወዲያው ያዙት።

«ምንጣፌስ?»

«የለም እትዬ። ሰው ወስዶታል መሰለኝ።»

«ከሞተ ሰው መኪና?» አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ኦቦ ጣዲቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚክዳድ፣ ወሬ በጓሮ እየዞረ ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ ከሰነበተ ልጅ ከልጅ ይጣላበታል። ፊት ለፊት ይውጣ። ዱጋ፣ እውነቷን ብቻ ንገረን። ጥፋቱ የሽቦው ነው?»

«አይደለም» አሉ እትዬ ፍሬሰንበት፣ እሱ አፉን ሳይከፍት። «እኔ እናቱ እያለሁ ማን ይከሰዋል? ወንዴ ከሚክዳድ እጅ የወጣን ነገር በነፍሴ አምነዋለሁ ይል ነበር። ንገራቸው እንጂ ልጄ።»

አምሀ ካርታቸውን ይዘው ቀርበዋል። ሚክዳድ እጁን የያዙትን ጣቶች አየ፤ ቀጫጭን፣ አጥንታቸው የወጣ። ምንጣፉን የጠቀጠቁት እነዚህ ናቸው።

«የሽቦው ነው፣ ኦቦ» አለ። «በደንብ አላሰርኩትም።»

ኦቦ ጣዲቻ አቀረቀሩ። አምሀ እንኳ «አላልኩም ወይ?» አላሉም።

እትዬ ፍሬሰንበት ፊቱን ትኩር ብለው አዩት፤ የሆነ ነገር እንዲጨምር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። አልጨመረም። ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ላላ አሉ፣ እጃቸው ከእጁ ወጥቶ ነጠላቸው ውስጥ ገባ።

ሚክዳድ የራሱን አልሰበሰበም። ፍራሹ ላይ፣ እሳቸው በለቀቁት ቦታ፣ መዳፉን ወደ ላይ እንዳደረገ ተወው።