ሁለት ጣት

«እስቲ ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርጊው» አሉ የስፌት ቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ በአፋቸው ጥግ ስፒል እንደ ነከሱ።

ሰበሰበች። የሙከራው ጋዋን ግን ደረቷ ላይ እምቢ አለ፤ ሦስተኛው ቁልፍ ቀዳዳው አጠገብ ደርሶ ይመለሳል። ጋሼ ጨርቁን ሳብ ሲያደርጉት የጡቷ ሕመም እስከ ብብቷ ዘለቀ። ጥርሷን ነከሰች።

በልብስ ስፌት ቤቱ የምትጠራው «ሜትሬ» እየተባለች ነው። ጨርቅ ቆራጭ ናት። አዲስ ቅድ፣ ማለትም ጨርቁ የሚቆረጥበት ንድፍ፣ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞከረው በእሷ ላይ ነው፤ ለእሷ ልክ ከመጣ ሌላው ቁጥር ከዚያ ላይ እየተጨመረና እየተቀነሰ ይሠራል። ለዓመታት ሰውነቷ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ምሳ ስትበላ እንኳ «ቀስ በይ፣ ቁጥራችንን እንዳታበላሺ» ይሏታል። እሷም ትኮራበት ነበር።

ከጥቂት ወራት በፊት፣ ገና አርባ ሳይሞላት፣ የወር አበባዋ ቆመ። ሐኪሟ አጥንቷና ልቧ እንዳይጎዳ ብላ የሆርሞን ክኒን አዘዘችላት። ሌሊት ሌሊት ያጠምቃት የነበረው ላብ ተዋት፤ እንቅልፏም ተመለሰ። በምትኩ ጡቷ አበጠ፣ ሆዷ ተነፋ፣ ያቅለሸልሻትም ጀመር። ማቅለሽለሹ ክኒኑን ከእራት በኋላ ስታደርገው ቀለል አለላት፤ እብጠቱ ግን አልጎደለም። «ትንሽ ታገሺው» ብላታለች ሐኪሟ፤ «ካልተወሽ መጠኑን ወይም ዓይነቱን እንቀይራለን። ብቻ በራስሽ እንዳታቋርጪ።» ይህን አብራት ከምትሠራው ልብስ ተኳሽ በቀር በስፌት ቤቱ ማንም አያውቅም።

ጋሼ ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ። «ቅዱ ጠቧል። ደረቱ ላይ ሁለት ጣት ጨምሪና ቁረጪው።»

ጠረጴዛው ላይ የዳቦ ፋብሪካ ሠራተኞች ጋዋን የሚወጣበት ጨርቅ ተደራርቦ ይጠብቃል። ዝም ብትል ማን ይጠረጥራታል? ነገር ግን ያ ሁሉ ጋዋን በሰው ትከሻ ላይ እንደ ድንኳን ሊንጠለጠል ነው፤ ያውም በእሷ እጅ ተቆርጦ።

መቀሱን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ቅዱ አልጠበበም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ቁልፉ ነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ጥጉ ላይ ስትሰፋ የነበረችው አዲሷ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«የወር አበባዬ ያለ ጊዜው ቆመ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ እሱ ነው ያሳበጠኝ።»

ጋሼ ዐይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ይጠቀልሉ ጀመር። «እንግዲያው ይሄ ሥራ እስኪያልቅ ቆም ብታደርጊውስ?»

«እርስዎ ለጋዋን ብለው የስኳር መድኃኒትዎን ያቆማሉ?» አለች ልብስ ተኳሿ ከካውያዋ ቀና ሳትል።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«አላቆምም፣ ጋሼ» አለች ቆራጯ። ድምጿ እሷ ከጠበቀችው በላይ ጠንከር ብሎ ወጣ። «እንቅልፌን ያገኘሁት በእሱ ነው። ቅዱ ግን ትክክል ነው። ይልቅ በዚህች ልጅ ላይ ይሞክሩት፤ የድሮው ልኬ አላት።»

አዲሷ ሰፊ እያፈረች ጋዋኑን ለበሰችው። ቁልፎቹ አንድ በአንድ፣ ያለ ልመና ገቡ። ትከሻው አልተሸበሸበም፤ ወገቡ አልተንጠለጠለም። ጋሼ እንከን ፍለጋ ዞሯት፤ ደግመውም ዞሯት።

«በአንቺ ላይ ሳትለኪ ነው እንዴ ያወጣሽው?»

«ካበጥኩ በኋላ በራሴ ላይ ምን ብዬ ልለካ? በእጄ ልምድ ነው ያወጣሁት።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የጠቀለሉትን ሜትር አንገቷ ላይ አኖሩላት። «በይ እንግዲህ ቁረጪው።»

«ሜትሬ መባልሽ ቀረ በይኛ» አለች ተኳሿ እየሳቀች።

«ሜትሩስ ይኸው አንገቴ ላይ አይደል?»

መቀሱ እስከ ከሰዓት ድረስ አላረፈም። የመጨረሻው ቁራጭ ከጠረጴዛው ሲነሳ፣ ሰሞኑን ሳትቆልፈው በሻርፕ ስትሸፍነው የከረመችውን የራሷን የሥራ ጋዋን አወለቀች። መብራቱ ሥር ተቀምጣ የጎኑን ስፌት መተርተር ጀመረች።

«ደህናውን ልብስ ምን ልታደርጊው ነው?» አለች ተኳሿ።

«ሁለት ጣት ልጨምርበት» አለች፤ ክሩንም መዘዘችው።