የገና ድራማው ደራሲ

አስረስ ለቤተ ክርስቲያናቸው ልጆች የገና ድራማ ሊጽፍ ቃል የገባው በኅዳር ነው። ሚስቱ ዶርቃ ሀና ማርያም አካባቢ ባለችው ቸርቻቸው የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊ ናት። «ደራሲ ቤቴ እያለ ማንን ልለምን?» ብላ በሰው ፊት ስሙን ጠራች። አንድም መጽሐፍ ያላሳተመውን ሰውዬ ደራሲ ነው ብሎ የሚያምን፣ ከራሱ ሌላ፣ እሷ ብቻ ነበረች።

የፈረንጆቹ ገና ዕለት አስረስ በዲሽ አንድ የበዓል ፊልም አየ። አንድ ደራሲ በሩን ዘግቶ፣ ጸጉሩን እየነጨ፣ ወረቀት እየጨማደደ ይከርምና በዓሉ ሊገባ ሲል መጽሐፉን ይጨርሳል። ይኸው ነው ፊልሙ። አስረስ ግን ዕንባው መጣ። «እኔን እኮ ነው የሠሩት!» አለ።

በማግስቱ ሻርፑን ጠምጥሞ በሩን ዘጋ። ዶርቃ ድራማውን ጀመረ ብላ ጌታን አመሰገነች። እሱ የጀመረው «የፈጠራ ምጥ» የሚል፣ ለፊልሙ ያለውን አድናቆት የሚገልጽ የፌስቡክ ጽሑፍ ነው። ስለ ወረቀቱ አጨማደድ ብቻ ሦስት አንቀጽ ወጣው። ክፍል ሁለት ቀጠለ፤ ክፍል ሦስትም መጣ። «ብዕርህ ይባረክ» የሚሉ አስተያየቶች ጎረፉ። እሱም ወረቀት መጨማደድ አማረው፤ የሚጽፈው በስልክ ስለሆነ የመብራት ደረሰኝ ጨማደደ።

ልጆቹ ሳሎን ለልምምድ ሲሰበሰቡ «ጸጥታ! ሰው እየፈጠረ ነው!» ይላል ከውስጥ። አንድ ቀን የስምንት ዓመቷ ሲና በሩን አንኳኳች።

«ጋሼ፣ እኔ ማርያምን ነው የምሠራው። ምን ልበል?»

«ድርሰት ላይ ነኝ፤ በኋላ ነይ!»

ዶርቃ ሰማች። እሷው እስክሪብቶና ወረቀት አነሳች። ልምምዱም ጎረቤታቸው ማርቲ ቤት ሄደ። አስረስ ጸጥታው ተስማማው።

የገና ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ድራማው ቀርቷል ብሎ ሰበብ አዘጋጅቶ የመጣው አስረስ፣ ልጆቹ መድረክ ሲወጡ ክው አለ። ዮሴፍ የእንግዳ ማረፊያውን በር አንኳኳ። ጥርሰ ወላቃው ሚሳኤል አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ ብቅ አለ።

«ማደሪያ ፈልገን ነበር፤ ምጥ ይዟታል» አለ ዮሴፍ።

«እኔንም ይዞኛል! ድርሰት ላይ ነኝ፤ በኋላ ኑ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አስረስም ሳቀ፤ ሻርፑ የራሱ መሆኑን እስኪያይ ድረስ። ከዚያ ፊቱ ጋለ።

ሲያልቅ ፓስተር ክብረት «ደራሲያችን ወንድም አስረስ ይምጣልን!» አሉ። ጭብጨባው ገፍቶ መድረክ ላይ አወጣው። ዶርቃ ከፊት ወንበር ታየዋለች። ብትቆጣ ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን የሚለውን ነው የምትጠብቀው። አስረስ ከልቡ አፈረ።

«እኔ አይደለሁም የጻፍኩት» አለ በማይኩ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ።

«የእውነቴን ነው፤ የእኔ ሥራ አይደለም።»

«ሃሌሉያ! ክብር ለጌታ!»

«እንዲህ ያለ ትሕትና!» አሉ ፓስተሩ እጃቸውን ዘርግተው። ኪቦርዱ ጀመረ፤ ሕዝቡ ብድግ አለ።

የቀረው የዶርቃን ስም መጥራት ብቻ ነበር። ማይኩ አሁንም እጁ ላይ ነው። አስረስ ዓይኑን ጨፈነና ራሱን ዝቅ አድርጎ «አሜን» አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ ዶርቃ ከመድረኩ ጎን ተንበርክካ የልጆቹን ልብስ ትሰበስባለች። ቀና ብላ አላየችውም።