ቬሬና እና የመዋኛው ማማ

ቬሬና ኮግለር ከግራዝ ዩኒቨርሲቲ ወደ ትንሿ ከተማችን ለጥናት የመጣችው በሰኔ መጀመሪያ ነው። የያዘችው መጠይቅ አርባ ስምንት ጥያቄ አለው። የዜግነት ትምህርት የአውሮፓን ወጣቶች ወደ ዴሞክራሲ ያስጠጋቸው እንደሆነ በሰባት አገር ትጠይቃለች። ትምህርቱን የማስተምረው እኔ ነኝና ተፈታኟም እኔው ነበርኩ።

ልጆቹ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላቸው ወይም ሊሞላቸው የተቃረበ ናቸው፤ በአገራችን በምርጫ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው በዚያ ዕድሜ ነው። ከሃያ ሁለቱ አሥራ ዘጠኙ «ለፖለቲካ ፍላጎት የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል።

«አይዞሽ፣ ሌላም ቦታ እንዲሁ ነው» አለችኝ ቬሬና መምህራን ክፍል ውስጥ። እስከ ጆሮዬ ቀላሁ።

ወዲያው ከክፍሌ ጩኸት ተሰማ። ሮጠን ስንገባ ተማሪዬ ሮዛሊ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ከስልኳ ታነባለች።

«የመዋኛውን መዝለያ ማማ ሊያፈርሱት ነው! የከተማው ምክር ቤት ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወስናል! ጎረቤት በጩኸታችን ተማሯል አሉ!»

«ማነው እነሱን የመረጣቸው?» አለ ክሳቨር።

«ወንድምህ!» አለች ሮዛሊ።

«እኔማ ምርጫው በሁለት ቀን አመለጠኝ! ያቺ ልደቴ!»

በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንዱ ፊርማ ያሰባስባል፣ አንዷ ደንቡን ታገላብጣለች፣ ነዋሪ ሦስት ደቂቃ መናገር እንደሚችል ተገኘ፣ ማን ይናገር በሚለው ተጣልተው እጅ አውጥተው ሮዛሊን መረጡ። የቬሬና እስክሪብቶ ሊነድ ምንም አልቀረውም።

«ቆዩ፣ ለፖለቲካ ፍላጎት የለንም አላላችሁም?» አለቻቸው።

«ይሄ ምኑ ነው ፖለቲካ? ማማችን ነው እንጂ!» አለች ሮዛሊ።

ቬሬና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

«እርስዎ ደግሞ ቁጭ ብለው ከሚጽፉ፣ ይሄን መፈክር የጻፍንበትን ጨርቅ ይያዙልን» አላት ክሳቨር።

«እኔ እኮ ተመልካች ነኝ!»

«ተመልካች እጅ የለውም?»

ያዘች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የምክር ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። ሮዛሊ ተነስታ፣ «ከእናንተ መሃል ከዚያ ማማ ዘሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ» አለች። ከአሥራ አምስቱ የምክር ቤት አባላት አንድም እጅ አልወጣም። ከንቲባዋ ወይዘሮ ሂርትሰገር ወረቀታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ «እኔስ ስዘል ጮኼያለሁ» አሉ።

አቤቱታ ያቀረቡት ሽማግሌ፣ አቶ ስቫንትስገር፣ ብድግ አሉ። «ልጆች፣ ጩሁ። ከምሳ በኋላ ብቻ አስተኙኝ!»

ልጆቹ ተጠጋግተው አንሾካሾኩ። «ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ዝላይ የለም!»

«እስከ ስምንት ተኩል!» አሉ ሽማግሌው።

«ተስማማን!»

ድምፅ ተሰጠ፤ ዘጠኝ ለስድስት። ማማው ተረፈ! ማን ማንን እንዳቀፈ አይታወቅም፤ እኔ እንኳ ሽማግሌውን ስሜያለሁ።

ከዚያ ሁሉም ወደ መዋኛው ሮጠ። ቬሬና ጫማዋን አውልቃ ከነቀሚሷ ማማው ላይ ወጣች። ጫፉ ላይ ደርሳ ወደ ታች አየች። «ዝለይ! ዝለይ!» ክፍሉ በሙሉ ይጮኻል፤ «እርስዎ» ማለታቸው ቀርቷል። ዘለለች፤ ጩኸቷ ከሁላችን በላይ ነበር።

በማግስቱ ጥናቱን የሚመሩት ፕሮፌሰሯ ደወሉላት፤ እኔም አጠገቧ ሆኜ እሰማለሁ። ፎቶዋን በአካባቢው ጋዜጣ አይተውታል፦ ጨርቁን ተሸክማ፣ አፏን ከፍታ።

«ተሳትፎን አጥኚ አልኩሽ እንጂ ተሳተፊ አልኩሽ?»

«የዚህ ትምህርት ቤት ውጤት ከጥናቱ ይውጣ፤ እጄን አስገብቻለሁ» አለች፤ ሳቋን ግን መቆጣጠር አልቻለችም።

ፕሮፌሰሯ ጋዜጣውን ሲያገላብጡ በስልኩ ተሰማ። 

«ለመሆኑ» አሉ በመጨረሻ፣ «ማማው ስንት ሜትር ነው?»